ወንዙ ዝም ያለ ዕለት

ሻሺቱ የሙዝ ነጋዴ ናት። አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ፣ ከገበያው ወረድ ብሎ ካለው መጋዘኗ ደጃፍ አይሱዙ ቆሞ ካያችሁ፣ ከጎማው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጣ እያንዳንዱን የሙዝ ዘለላ በዓይኗ የምትመዝነው ሴት እሷ ናት። ትውልዷ ዶርዜ ነው። አባቷ ሸማኔ ነበሩ። የሠሩትን ጋቢ ተሸክመው በአቋራጭ ወደ ቆላ ሲወርዱ እሷን ከፊት ያስቀድሟት ነበር፤ "ከኋላዬ ከሆንሽ ስትወድቂ አላይሽም" እያሉ። አሁን ዕድሜዋ ወደ አምሳ ተጠግቷል። ባሏ ከሞተና ልጆቿ ለሥራ ከተበታተኑ ወዲህ ቤቱ ጭር ሲልባት፣ ከንግዱ የሚተርፋትን ጊዜ ለአጥቢያዋ ሰንበት ትምህርት ቤት ሰጠች።

ልጆቹ ይወዷታል፤ ይስቁባታልም። አፏን የፈታችው በጋሞኛ ነውና ስትቆጣ ወይም ስትደነግጥ አማርኛዋ ይዘበራረቃል፤ ወንዱን "አንቺ"፣ ሴቷን "አንተ" ትላለች። "እትዬ፣ ዛሬ ደግሞ ሴት ሆንኩ?" ይላታል ዳግም፣ ከሁሉም ቀልደኛው። እሷም አብራ ትስቃለች።

እስከዚያ ዓመት ድረስ የሰንበት ተማሪዎቹ ጉዞ ማለት መኪና ውስጥ ታጭቀው፣ እየዘመሩ ሄደው፣ እየዘመሩ መመለስ ነበር። ሻሺቱን ይህ አላስደሰታትም። "ከራስጌያችሁ ያለውን ተራራ በእግራችሁ ረግጣችሁት አታውቁም" አለቻቸው አንድ ቀን። "ከታች ከጫኖ ተነስተን፣ ወንዙን ይዘን፣ ሸለቆው ውስጥ አድረን፣ በማግስቱ ዶርዜ እንወጣለን።"

ልጆቹ ጮቤ ረገጡ። ወላጆች አመነቱ። በተለይ የቤተልሔም እናት ሰብለ፣ ለሥራ ከሰሜን ተዛውራ የመጣች የቢሮ ሠራተኛ፣ ልጇ አስም ስላለባት አሻፈረኝ አለች። ያባበሏት መምህር ሽበሺ ናቸው። ሽበሺ የብቸና ሰው ናቸው፤ በወጣትነታቸው ጂኦግራፊ ሊያስተምሩ አርባ ምንጭ መጥተው የከተማውን ግማሽ አስተምረው እዚያው ጡረታ ወጡ። "እኔም አብሬ እሄዳለሁ" ሲሉ ሰብለ ተረታች። የልጇን የአስም ፓፍ ግን ለሻሺቱ እያሳየች፣ "ይህ ከእሷ ከተለየ ልጄም ተለየች ማለት ነው" አለቻት።

ለእሑድ ቅዳሴ እንዲደርሱ፣ ትምህርት ቤት ዝግ የሆነበትን አንድ ዓርብ መረጡ። ጥቅምት ገና መግባቱ ነበር። አሥራ ምናምን ልጆች ጫኖ ላይ ከመኪና ወረዱ። አንዱ ትራስ ተሸክሟል፤ አንዷ ለአንድ ሌሊት ሦስት ጫማ ይዛለች። ሻሺቱ ሻንጣቸውን እያስፈታች የማያስፈልገውን ሁሉ አስወጣች። የወጣውን ዕቃ በአደራ የተቀበላቸው የገበሬዎቹ የመስኖ ፓምፕ ጠባቂ አለምሰገድ ነው። ከሻሺቱ ጋር የቆየ ወዳጅነት አለው፤ ሙዝ የደረሰበትን ማሳ በስልክ የሚነግራት እሱ ነው።

"ደጋው ዘንድሮ አብዷል" አላት፣ ውሃውን በአገጩ እያሳየ። "ከመስቀል ወዲህ ዝናቡ ጋብ አላለም። ተሻግራችሁ እንዳታድሩ።"

"አንሻገርም፤ በዚህኛው ዳር ነን" አለችው።

ወንዙ የወተት ሻይ መስሎ ሞልቶ ይወርድ ነበር። ጩኸቱ ሸለቆውን ስለሞላው ልጆቹ ለመነጋገር ይጯጯሁ ነበር። እሷ ከፊት ሆና በቀስታ ትመራለች፤ ቀድመዋት ሊሮጡ ሲሞክሩ "ሽቅብ የሚሮጥ ሳይደርስ ይቀመጣል" እያለች ትመልሳቸዋለች። ከላያቸው ያለው ሰማይ ጥርት ያለ ነው። ከፊታቸው ግን የተራራው አናት አይታይም፤ እንደ ጥላሸት የጠቆረ ደመና ተደፍቶበታል።

እኩለ ቀን አካባቢ አንድ ትልቅ የእንሰት ግንድ ከነሥሩ እየተገለባበጠ ሲያልፍ አዩ። ልጆቹ "አዞ! አዞ!" ብለው ተሳሳቁ። ሻሺቱ አልሳቀችም። እንሰት ጫካ ውስጥ አይበቅልም፤ ጓሮ ውስጥ ነው የሚተከለው። የአንድ ሰው ጓሮ ወርዷል ማለት ነው። ወደ መምህር ሽበሺ ዘወር ስትል እሳቸውም እያዩት ነበር። ሁለቱም ልጆቹን ላለማስፈራት መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ማደሪያቸው ከወንዙ ዳር ከፍ ብሎ የተዘረጋ፣ ግራር ያጠላበት አሸዋማ ሜዳ ነበር። ከብት የሚነዱ ሰዎችም እዚያ ያድራሉ፤ የቆዩ የእሳት ጉልቻዎች ነበሩበት። በተውሶ ያመጧቸውን ድንኳኖች ተከሉ። የመጀመሪያው ሁለት ጊዜ ወደቀ። ልጆቹ እንጨት ለቅመው፣ በሶ በጥብጠው፣ ጫማቸውን አውልቀው የቆሰለ ተረከዛቸውን እርስ በርስ እየተያዩ መቀላለድ ጀመሩ። ሻሺቱ ግራር ተደግፋ ዓይኗን ጨፈን አደረገች።

የቀሰቀሳት የዳግም ሹክሹክታ ነው።

"ቀስ በል፣ ከኋላው ያዘው" ይላል ዳግም ለጓደኛው።

ሻሺቱ ዓይኗን ገለጠች። አጠገቧ ማንም የለም። ዳግም ከታች፣ ወንዙ መሐል፣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ጎንበስ ብሏል። ቅድም ይህን ልጅ ለመጥራት ጉሮሮዋ እስኪሻክር መጮህ ነበረባት። አሁን ሹክሹክታው እንደ ጎረቤት ወሬ ጥርት ብሎ ደረሳት።

ተነስታ ወደ ዳሩ ሄደች። ወንዙ አልነበረም። የቀረው በድንጋዮቹ መካከል የሚንጠባጠብ ቀጭን ውሃና እዚህም እዚያም ያቆረ ኩሬ ነው። ኩሬዎቹ ውስጥ አምባዛ ጭቃውን እየመታ ይንፈራገጣል። ልጆቹ ግማሹ ወርደው በእጃቸው እያፈሱ ሻሽ ላይ ይከምራሉ። በጽጌ፣ ያውም በዓርብ፣ ዓሣ ይበላል አይበላም የሚል ክርክር ጦፏል።

"እትዬ፣ እግዜር እራት ላከልን!" አለች ቤተልሔም ከዳር ሆና።

ሻሺቱ የደረቀውን ወለል ላይ ታች አየች። ምን እንዳስፈራት ራሷም አታውቅም፤ ዝምታው ብቻ አልጥም አላት። ወፍ እንኳ አይጮህም። ወደ መምህር ሽበሺ ሮጠች።

"ጋሼ፣ ወንዙን ያዩታል?"

ሽበሺ ብድግ ብለው ቁልቁል ተመለከቱ። "ላይ ዝናቡ ቆሞ ይሆናል" አሉ። ከዚያ ወደ ተራራው ቀና አሉ። ጥቁሩ ደመና እንዳለ ነው፤ እንዲያውም መብረቅ ያለ ድምፅ ውስጡ ብልጭ ድርግም ይላል።

"አልቆመም" አሉ፣ ለራሳቸው የሚናገሩ ያህል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "እየዘነበ ነው። ታዲያ ይህ ሁሉ ውሃ የት ሄደ?" የሻሺቱን ክንድ ጨበጡ። "መሬት ተንዶ ዘግቶታል። ከኋላው እየሞላ ነው። ልጆቹን አውጪ፤ ዕቃ አትበዪ፣ ምንም አትበዪ!"

ሻሺቱ ወደ ወንዙ ወለል ዘላ ወረደች። ልጆቹን በትከሻ፣ በክንድ፣ በአገኘችው ሁሉ እየያዘች ወደ ዳሩ ገፋቻቸው። ዳግምና ጓደኛው ግን ዓሣ እየተከተሉ መታጠፊያውን አልፈው ነበር። ድንጋይ ለድንጋይ እየተንሸራተተች ደረሰችባቸው።

"ውጪ!" አለችው ዳግምን። "ውጪ፣ ቶሎ በዪ፣ ውጪ!"

ዳግም ፊቷን አየ። አልቀለደም። የያዘውን ዓሣ ጥሎ ሮጠ።

ዳገቱ ቀጥ ያለ ነበር። በእጃቸው ቁጥቋጦ እየያዙ፣ ትልልቆቹ ትንንሾቹን እየጎተቱ፣ ከግራሮቹ አናት በላይ እስኪሆኑ ወጡ። አንድ ሰፋ ያለ የድንጋይ ደረት ላይ ሲደርሱ ሽበሺ "እዚህ ይበቃል" ብለው ተቀመጡ። ፀሐይ ገብታ ሸለቆው መደብዘዝ ጀምሯል። ከታች ድንኳኖቻቸው በሰልፍ ቆመው ይታያሉ፤ የለኮሱት እሳትም አልጠፋም።

ሻሺቱ ስልኳን አወጣች። ከላይ ሲሆኑ መስመር ነበረ። አለምሰገድ ጋ ደወለች።

"ፓምፑ ጋ ነህ? ውጣ፣ ሰዎቹንም አስወጣ!"

"ምን ሆነሻል እትዬ?"

"ወንዙ ደርቋል።"

"እሱንማ አይቻለሁ። አየር ሲስብብኝ ፓምፑን አጠፋሁት። ታዲያ ሰው ከደረቀ ወንዝ ይሸሻል እንዴ?"

"ላይ ተዘግቶ ነው ይላሉ መምህር። ሲለቅ እናንተ ላይ ነው። ስለ እመቤታችን ብለህ!"

"እሺ፣ እነግራቸዋለሁ። አንቺ አትጨነቂ።"

"አንተስ?" አለችው። መስመሩ ተቋርጧል። መልሳ ስትሞክር አልገባ አላት።

ከዚያ በኋላ ምንም የመጣ ነገር የለም። ሸለቆው ጨለመ፤ ወንዙም እንደደረቀ ነው። ልጆቹ መጀመሪያ ተቃቅፈው ተቀመጡ። ቆይተው ማጉረምረም ጀመሩ። በረዳቸው፤ ብርድ ልብሱ፣ ዳቦው፣ ሹራቡ፣ ሁሉም ታች ነው። "ወርደን ብርድ ልብሱን ብቻ ይዘን እንምጣ" አሉ። ሻሺቱ "አይሆንም" ባለች ቁጥር የራሷ ድምፅ ይበልጥ እየደከመባት ሄደ። ምናልባት ተሳስተው ቢሆንስ? የሰው ልጆችን በከንቱ አስደንግጣ ቢሆንስ?

በዚህ መሐል የቤተልሔም ደረት ማፏጨት ጀመረ። መውጣቱም ብርዱም ተባብረውባታል። ኪሷን ፈተሸች፤ ሻንጣዋ ታች ነው፤ ፓፉም ሻንጣው ውስጥ ነው።

ሻሺቱ ተነሳች። ድንኳኑ ቅርብ ነው። ቁልቁለት ነው፤ ደርሶ ለመመለስ ብዙ አይፈጅም። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ አንድ እግሯን ወደ ታች ስትሰድ ሽበሺ ነጠላዋን ከኋላ ያዙ።

"ልቀቁኝ ጋሼ! የሰው ልጅ እጄ ላይ ልትሞት ነው!"

"ወርደሽ ብትቀሪ እኔ ሽማግሌው ይህን ሁሉ ልጅ ምን አደርገዋለሁ?" አሉ። "ተቀመጪ። ልጅቷን ቀና አድርገሽ ያዣት።"

ሻሺቱ ተመለሰች። ቤተልሔምን ከኋላዋ ሆና ደረቷ ላይ አስደግፋ፣ በነጠላዋ ጠቅልላ፣ ጆሮዋ ሥር "ከእኔ ጋር ተንፍስ፣ ቀስ፣ እንደገና" ትላት ጀመር። ሴቷን ወንድ እያደረገች። ልጅቷ ሳቋም ትንፋሿም ተቀላቅሎባት እጇን አጥብቃ ያዘቻት። ሽበሺ ከኮታቸው ኪስ ትንሿን የሻይ ፔርሙስ አውጥተው በክዳኑ ትኩሱን ሰጧት። የቀሩት ልጆች ሳይነገራቸው ዙሪያዋን ከበው ነፋሱን ከለከሉላት።

መጀመሪያ የመጣው ሽታ ነው። የእርጥብ አፈር፣ የተፈጨ ቅጠልና አንዳች የበሰበሰ ነገር ሽታ። ቀጥሎ ከሸለቆው ውስጥ ቀዝቃዛ ነፋስ ተነሥቶ ፊታቸውን መታው። ከዚያ ከእግራቸው ሥር ያለው ድንጋይ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ድምፁ የውሃ ድምፅ አይመስልም ነበር፤ ብዙ ከባድ መኪና በድንጋይ ላይ ሲያልፍ ይመስላል። ታች ያለው እሳታቸው ብልጭ ብሎ ጠፋ። ግራሮቹ አንድ በአንድ ሲሰበሩ ሰሙ። ከልጆቹ አንዷ "አቡነ ዘበሰማያት" ብላ ጀመረች፤ ሌሎቹ ተከተሉ፤ ጸሎቱ ከተጋመሰ በኋላ ግን የራሳቸውን ቃል እንኳ መስማት አልቻሉም።

ሻሺቱ ግን በልቧ ጎርፉን ወደ ታች እየተከተለች ነበር። አሁን መታጠፊያው ደረሰ፤ አሁን ጫኖ ደረሰ፤ አሁን ፓምፑ ጋ።

ሲነጋ የቤተልሔም ትንፋሽ ተስተካክሎ ነበር። ሊያድሩበት የነበረው ሜዳ የለም። ግራሮቹም አሸዋውም ተጠርገው በምትካቸው ቤት የሚያካክሉ ድንጋዮች ተቀምጠዋል። ልጆቹን አስከትለው በዳገቱ ወገብ ዞረው ጫኖ ሲደርሱ የሙዙ ማሳ ጭቃ ለብሶ ተኝቷል። ሰዉ ከፍታው ላይ ተሰብስቦ ነበር። ሴቶች ሻሺቱን ሲያዩ እጇን ሊስሙ ሮጡ። "ስልክሽ አተረፈን" አሏት። እሷ ዓይኗ ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው እየተንከራተተ አንድ ሰው ትፈልጋለች። ማንም ስለ አለምሰገድ አልነገራትም፤ ሁሉም መሬት መሬት ማየት ሲጀምር ገባት።

ሰብለ ከከተማ ደርሳ ልጇን አቀፈቻት። ከዚያ ሻሺቱን ትክ ብላ አየቻትና፣ "ልጄን ወንዝ ውስጥ ልታሳድሪ ነው የወሰድሻት?" አለቻት። ሽበሺ ሊናገሩ ሲሉ ሻሺቱ በእጇ አስቆመቻቸው።

በሦስተኛው ቀን ለቅሶ ቤት ሄደች። የአለምሰገድ ሚስት ጌጤ ድንኳኑ ውስጥ ጥቁር ለብሳ ተቀምጣለች። ሻሺቱ ሰዎች ከሚቀመጡበት አግዳሚ ወንበር አልፋ መሬት ላይ እግሯ ሥር ተቀመጠች። በኋላ ጌጤ ራሷ ጀመረች።

"ስልክሽን ሲዘጋ ሳቀ" አለች። "አላመነሽም። 'ሻሺቱ ዛሬ ጭንቅላቷ ዞሯል፤ ግን ሴትዮዋን ሐሳብ ላይ ከምንጥላት አንድ ሌሊት ከፍታው ላይ ብናድር ምን ይለናል?' እያለ በየቤቱ ዞረ። ያላመነበትን ነገር ሰው አሳምኖ አስወጣ። እኔንም ልጆቹንም እስከ ላይ አደረሰን። ከዚያ 'ወንዙ ከደረቀማ ፓምፑን ፈትቶ ለማጽዳት ዛሬ ይመቻል' ብሎ ተመለሰ። የማኅበሩ ንብረት ነው፤ ለእሱ ከዓይኑ ብሌን አይለይም ነበር።"

"እኔ በደንብ ብነግረው ኖሮ" አለች ሻሺቱ።

"በምን ቋንቋ?" አለች ጌጤ። ቁጣ አልነበረባትም። "ደርቋል አልሽው። ደርቆ አየ። ከዚህ ወዲያ ምን ይባላል?"

ሻሺቱ ለሳምንታት መጋዘኗን አልከፈተችም። ሰንበት ትምህርት ቤት ስትሄድ አንዳንድ ወላጆች ሰላምታ ይነፍጓታል፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ከልክ በላይ ያመሰግኗታል። የትኛው እንደሚከብዳት አታውቅም። ልጆቹ ግን የጀመሩትን መንገድ መጨረስ ፈለጉ። "ዶርዜ አልደረስንም እኮ" አሉ። ታኅሣሥ ላይ፣ ዝናቡ ሲያቆም፣ በመኪና መንገዱ ወጥተው ወንዙን የዘጋውን ናዳ ከላይ ለማየት ተስማሙ። በቀጠሮው ጠዋት ሰብለ ከልጇ ጋር መጣች። ሁለት ፓፍ ይዛለች፤ አንዱን ቦርሳዋ ውስጥ፣ አንዱን ለሻሺቱ። ሌላ ነገር አልተናገረችም።

ናዳው የተራራውን ጎን እንደ ተገመሰ ዳቦ አስቀርቶታል። ሽበሺ በከዘራቸው ወደ ላይ አሳዩ። የወረደው ግማሹ ብቻ ነው። የቀረው ግማሽ ሣሩን እንደለበሰ ተንጠልጥሏል፤ አናቱ ላይ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ከዳር እስከ ዳር ተዘርግቷል። ዛፎቹ ሁሉ ወደ ገደሉ አዘንብለዋል። ከሥሩ ደግሞ አንድ ቤት አለ፤ ከቀርከሃ የተሠራ ረጅም የዶርዜ ቤት፣ ከአናቱ ጭስ የሚወጣ። ደጃፉ ላይ አንዲት አሮጊት ጥጥ ይፈትላሉ። ባዩሽ ይባላሉ፤ የአባቷን ስም ስትነግራቸው ሻሺቱን አወቋት።

"እማማ፣ ከዚህ አይወጡም?" አለቻቸው በጋሞኛ።

"ወዴት?" አሉ። "ልጆቼ ከተማ ናቸው። የባለቤቴ ወንድም ከዚያ ማዶ መሬት ሰጥቶኛል። ቤቱን የሚያነሳልኝ ሰው ግን ከየት ይምጣ? ወጣቱ ሁሉ ሊሸምን ወርዷል። በበልግ ይመጡ ይሆናል።"

"በበልግ ይዘንባል" አለች ሻሺቱ።

"ይዘንባል" አሉ ባዩሽ፣ እንዝርታቸውን ማሽከርከር ሳያቆሙ።

የዶርዜ ቤት ሰው ከሞላለት ይነሣል። ከመሠረቱ ይፈታና፣ ሰው ገብቶ በአግዳሚ እንጨት ደግፎ፣ እንዳለ ተሸክሞት ይሄዳል። ሻሺቱ ልጅ ሳለች ይህን አይታለች። ወደ ተማሪዎቹ ዞር ብላ ተረጎመችላቸው። ዳግም ቤቱን ከታች እስከ ላይ በዓይኑ ለካው፣ ከዚያ ጃኬቱን አወለቀ። ሽበሺ ወደ መንደሩ ሄደው ጥቂት ጎልማሶችና ሁለት ቄሶች ይዘው መጡ። ባዩሽ እሳታቸውን አጠፉ፤ ድስታቸውንና አንዲት ጊደራቸውን ሰብለ ተቀበለች።

ልጆቹ በጠባቡ በር ገብተው ጨለማው ውስጥ ተደረደሩ። ጭስ ያጠቆረው ግድግዳ ጉንጫቸውን ነካው። አንድ ጎልማሳ ከውጭ ሲጮህ ሁሉም በአንድ ላይ አነሡ። ቤቱ ተንቀጠቀጠ፣ አንድ ወገን አዘነበለ፣ ከዚያ ቀና ብሎ መሄድ ጀመረ። ከሥሩ የልጆቹ እግር ብቻ ይታያል፤ ስኒከር፣ ሸራ ጫማ፣ አንድ ባዶ እግር። ሻሺቱ ከፊታቸው ሆና የኋሊት እየተራመደች "ግራ፣ ግራ፣ አሁን ድንጋይ አለ" እያለች ትመራቸዋለች።

ስንጥቁ ሥር ሲያልፉ ከላይ ጠጠር ተንከባለለ። አንድ፣ ከዚያ ሌላ። ሻሺቱ ቀና ብላ አየችው። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፤ እርምጃውንም አላፋጠነችም፤ የተሸከሙት ልጆች እንዳይደናገጡ። ጥቁር ደመና ያለወቅቱ በተራራው ትከሻ ላይ ብቅ ብሎ ነበር።

"ቀስ" አለች። "ቀስ፣ ልጆቼ። ገና ነን።"